ጢም ያበቀለው የዓሣ ቤት

ተረት ተረት!

«የላም በረት» ያላችሁ ሁሉ ምላሳችሁን ሰብስቡ፤ ዛሬ ላም የለም። እንደገና ልጀምር። ተረት ተረት! «የዓሣ ቤት!» በሉኝ። እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ። ደግሞ ዓሣ ቤት ስላችሁ ጥብስ የሚሸጥበት መስሏችሁ ምራቃችሁን እንዳትውጡ። ይኼኛው ዓሣ የሚኖርበት እንጂ ዓሣ የሚበላበት ቤት አይደለም።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ በድሩ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበረ። እጁ ቀላል፣ ወሬው ጣፋጭ፣ ሆዱ ቡቡ። ሚስቱ ኑሪያ የጅቡቲ ልጅ ናት፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ። ሌላዋ ሙሽራ ወርቅና ሽቶ ይዛ ትመጣለች፤ ኑሪያ ባሕሯን ይዛ መጣች። እውነቴን ነው! ጨዋማውን ውሃ በጀሪካን ሞልታ፣ የመስታወት ሳጥን አስጭና በባቡር መጣችና ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ወረፋ ጠባቂዎቹ ከሚቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት ተከለችው። ከሥር ነጭ አሸዋ አለ፣ አሸዋው ላይ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ አንዲት የባሕር አበባ። አበባ ትባላለች እንጂ አበባ አይደለችም፤ ነፍስ ያላት፣ ጣቷ የበዛ፣ ስትከፈት የምትውለበለብ ፍጥረት ናት። በጣቶቿ መሃል ነጭ መቀነት የታጠቀ አንድ ብርቱካናማ ዓሣ ይተኛል። ስሙ ብርቱኬ ነው፤ አበባዋም ቤቱ ናት። ሌላ ዓሣ ቢጠጋት ትለበልበዋለች፤ እሱን ግን አቅፋ ታሳድረዋለች። ጎረቤቶቻቸው አንዲት ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ የሚባል ባለ ብዙ እግር ፍርፋሪ ለቃሚ ናቸው።

ድሬ ላይ አቧራ እንጂ ባሕር የለም። ኑሪያ አገሯ ሲናፍቃት ሱቁ ትገባና አበባዋ ፊት ትቀመጣለች። ጥቂት ዝም ብላ ታያትና «በቃ፣ ደርሼ መጣሁ» ብላ ትነሳለች።

ታዲያ አንድ ጊዜ እህቷ ታመመችና ልታስታምማት ወደ ጅቡቲ ሄደች። ስትሄድ በር ላይ ቆማ፣ «በድሩ፣ አደራህን፣ ባሕሬን እንደተውኳት ላግኛት» አለችው።

«አቦ፣ አትጨነቂ! እኔ እያለሁ?» አላት።

እሱ ስላለ ነው እኮ የተበላሸው! በድሩ ምሳውን ብቻውን መብላት አያውቅበትም። ኑሪያ ሳህን ይዛ ትመጣለች፣ ያጎርሳታል፣ ታጎርሰዋለች፤ እንዲህ ነው የለመደው። አሁን ብቻውን ሳህኑ ላይ ሲያፈጥ ይቆይና ገፋ ያደርገዋል። ቀና ሲል ብርቱኬ በመስታወቱ በኩል አፉን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋል። «አንተም እንደኔ ብቻህን ነህ ወንድሜ» ይልና ከዓሣው ምግብ ጣሳ ቆንጠር አድርጎ «ብላ በሞቴ!» ይለዋል። ድሬ ላይ ደግሞ ሰው ሲያጎርስ አይቶ ዝም የሚል ማን አለ? ወረፋ ጠባቂው ሁሉ «እኔስ ባዳ ነኝ?» እያለ ተነሳ። አንዱ ከጣሳው ይቆነጥራል፣ አንዱ የሳምቡሳውን ፍርፋሪ ያራግፋል፣ አንዱ ኦቾሎኒ ይወረውራል። አንድ ቁንጣሪም አይበቃም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባል የለ? ከዓሣ ጋር መጣላት ማን ይፈልጋል!

የዓሣ ሆድ ትንሽ ናት። ያልተበላው ሰመጠ፤ የሰመጠው በሰበሰ፤ የበሰበሰው ውሃውን አወፈረው። ውሃው ሲወፍር ድንጋዩ ጢም አበቀለ። የተማሩት አልጌ ይሉታል፤ እኛ ግን ጢም እንበለው፣ ምክንያቱም ጢም ነው የሚመስለው። አረንጓዴ፣ ረዥም፣ የሚርመሰመስ ጢም! ያውም በፀጉር አስተካካይ ቤት! ደንበኛው ሁሉ ወንበሩ ላይ ሆኖ «በድሩ፣ መጀመሪያ ያንን ላጨው፣ እኔ እጠብቃለሁ» እያለ ይስቅበት ጀመር። በድሩ እልህ ይዞት እጅጌውን ሰበሰበና በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ ፈትጎ አነሳው። ግን ጢም አይደል? ሳይውል ሳያድር ከበፊቱ ብሶ መጣ።

ስልክ ጮኸ። ኑሪያ ናት።

«እህቴ ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። ጨረቃዋ ስትሞላ እመጣለሁ። አበባዬ እንዴት ናት?»

በድሩ ዞር ብሎ አየ። አበባዋ ጣቶቿን ሰብስባ፣ እንደ ቡጢ ተጨብጣ፣ ጢሙ ውስጥ ተቀብራለች። ብርቱኬ ደጅ ቀርቶ ጥጉን ይዞ ይንቀጠቀጣል።

«ደ... ደህና ናት» አለ። ውሸቱን ነው። አበባዋ ከሞተች ኑሪያ ድሬ ላይ ባሕር የላትም፤ ያጠፋባት ደግሞ ባሏ ነው።

ቀትር ነበር፣ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ የሚያርፍበት ሰዓት። በድሩ ሱቁን ቆለፈና መስታወቱ ፊት ተንበረከከ።

«አበባ፣ የኑሪያ አበባ፣ እባክሽ ተከፈቺ። ብርቱኬ ቤት አጣ፤ ኑሪያ እየመጣች ነው!»

አበባ ይናገራል ወይ ብላችሁ አታቋርጡኝ፤ በተረት ሁሉም ይናገራል። «አልከፈትም!» አለች አበባዋ በታፈነ ድምፅ። «ፊቴ ላይ ጢም በቅሎብኝ? ሴት ልጅ ጢም አብቅላ ደጅ ስትወጣ የት አይተሃል? አንተ ብሎ ፀጉር አስተካካይ! መጀመሪያ ጢሙን ልቀቃት በለው።»

በድሩ ወደ ጢሙ ዞረ።

«ጢም ሆይ፣ ልቀቅ። አበባዋ አልከፈት አለች፤ ብርቱኬ ቤት አጣ፤ ኑሪያ እየመጣች ነው!»

ጢሙ ተዝናንቶ ተወዛወዘ። «አልለቅም! እዚህ ቤት ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ መክሰስ አለ፣ እራት አለ። እንዲህ ያለ አገር ጥሎ የሚሄድ ሞኝ ማን ነው? ከቻለች ቀንድ አውጣዋ ትጋጠኝ።»

እመት ቀንድ አውጣ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ነበር። ወደ እሱ እስክትዞር አንድ ራስ ተላጭቶ ያልቃል። በድሩ ጠበቃት።

«እመት ቀንድ አውጣ፣ ጋጪው። ጢሙ አልለቅ አለ፤ አበባዋ አልከፈት አለች፤ ብርቱኬ ቤት አጣ፤ ኑሪያ እየመጣች ነው!»

«አልግጥም ልጄ» አለች በስንት ጊዜዋ። «ጠዋት እግጣለሁ፣ ማታ ይበቅላል። መንጋጋዬ አለቀ እኮ! እሱን የሚቀልበው ውሃው ነው። ውሃው እንደ አጥንት መረቅ ወፍሯል። ውሃው ይቅጠንና ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

«ውሃ ሆይ፣ ቅጠን። ቀንድ አውጣዋ አልግጥ አለች፤ ጢሙ አልለቅ አለ፤ አበባዋ አልከፈት አለች፤ ብርቱኬ ቤት አጣ፤ ኑሪያ እየመጣች ነው!»

«አልቀጥንም» አለ ውሃው በወፍራም ድምፅ። «እኔ ምን ላድርግ? የጣሉብኝን ነው የምሸከመው። ቆሻሻዬን የሚገፍፍልኝ አረፋው ነበር፤ እሱ ሥራ ካቆመ ሰንብቷል። ሂድና ፍላ በለው።»

አረፋ ስላችሁ የዒዱን እንዳትሉኝ። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ቱቦ አለ፤ የውሃውን እድፍ በአረፋ እያነሳ አናቱ ላይ ወደተቀመጠች ኩባያ ይተፋል። በድሩ ተንጠራርቶ አጎነበሰበት።

«አረፋ ሆይ፣ ፍላ። ውሃው አልቀጥን አለ፤ ቀንድ አውጣዋ አልግጥ አለች፤ ጢሙ አልለቅ አለ፤ አበባዋ አልከፈት አለች፤ ብርቱኬ ቤት አጣ፤ ኑሪያ እየመጣች ነው!»

«አልፈላም!» ብሎ አረፋው ጮኸበት። «ኩባያዬን እያት እስኪ!»

አያት። ጥቁር አተላ ሞልቷታል። አፍንጫውን ይዞ ደፋት፣ አጥቦም መለሰለት። አረፋው ደስ ብሎት ፈላ። ግን በድሩ እጁን በፎጣ አድርቆ ሳይጨርስ ኩባያዋ ጢም ብላ ሞላች። ጢም! የቀረን ጢም ይኼ ነበር።

«አየህ አይደል?» አለ አረፋው። «ከታች የሚበሰብስ እያለ እኔ ብፈላ ብገነፍል የትም አልደርስ። ሽሪምፑ ወለሉን ይጥረግ።»

ሽሪምፑ ድንጋይ ተደግፎ፣ ረጃጅም ሪዙን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ሆዱን ይዞ ተኝቷል።

«ሽሪምፕ ሆይ፣ ጥረግ። አረፋው አልፈላ አለ፤ ውሃው አልቀጥን አለ፤ ቀንድ አውጣዋ አልግጥ አለች፤ ጢሙ አልለቅ አለ፤ አበባዋ አልከፈት አለች፤ ብርቱኬ ቤት አጣ፤ ኑሪያ እየመጣች ነው!»

«አልጠርግም!» አለ ሽሪምፑ። «ድሮ እኔ ፍርፋሪ ፍለጋ ስሮጥ ነበር የምውለው። አሁን ጎንበስ ብዬ አንዷን ሳነሳ ሦስቱ አናቴ ላይ ይወርዳሉ። ትናንት ኦቾሎኒ መታኝ። ኦቾሎኒ! ባሕር ውስጥ ኦቾሎኒ ይበቅላል? እጁ ይሰብሰብ፣ እኔም እጠርጋለሁ።»

«የማን እጅ?»

«የሁሉም። የዚያ የባቡር ነጂው እጅ ግን ከሁሉም ይብሳል።»

ባቡር ነጂው ጋሽ ተካልኝ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጢሙን ለመላጨት ይመጣና ጋዜጣ ይዞ እስከ ቀትር ይቀመጣል። ሽማግሌ ነውና «እሳቸው» ልለው ይገባ ነበር፤ ግን ድሬ ነው ያለነው፣ «ምን አረጀሁ አልኩህ?» ብሎ ራሱ ይቆጣኛል። በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በትኩስ ሳምቡሳ የተሞላ ወረቀት ይዞ ገባ። በድሩ ገና በር ላይ ያዘው።

«ጋሼ፣ እጅህን ሰብስብ። ሽሪምፑ አልጠርግ አለ፤ አረፋው አልፈላ አለ፤ ውሃው አልቀጥን አለ፤ ቀንድ አውጣዋ አልግጥ አለች፤ ጢሙ አልለቅ አለ፤ አበባዋ አልከፈት አለች፤ ብርቱኬ ቤት አጣ፤ ኑሪያ እየመጣች ነው!»

ጋሽ ተካልኝ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሽሪምፑ ነው የነገረህ?»

«አዎ።»

«እሺ።» ሙቀት ያለበት አገር ሰው ብዙ አይገረምም። «ግን አልሰበስብም! አፉን ከፍቶ እያየኝ? እኔ ተካልኝ የተራበ ፊት አይቼ አልፌ አውቃለሁ? መጀመሪያ እሱ አፉን ይዝጋ!» አለና እየተናገረ ወደ ጣሳው ሄዶ ቆነጠረ። «አንድ ያጣላል። ሁለት ያፋቅራል። ሦስተኛው ለሥላሴ።» ሦስቱም ውሃው ላይ ተበተኑ። ከታች ሽሪምፑ አናቱን ያዘ።

በድሩ እስትንፋሱን ሰብስቦ ዓሣው ፊት ቆመ።

«ብርቱኬ፣ አፍህን ዝጋ። እጁ አልሰበሰብ አለ፤ ሽሪምፑ አልጠርግ አለ፤ አረፋው አልፈላ አለ፤ ውሃው አልቀጥን አለ፤ ቀንድ አውጣዋ አልግጥ አለች፤ ጢሙ አልለቅ አለ፤ አበባዋ አልከፈት አለች፤ ብርቱኬ ቤት...»

ምላሱ ተያዘ። ብርቱኬ ራሱ እኮ ነው!

«ጨርሰው» አለ ብርቱኬ። «ብርቱኬ ቤት አጣ በል። ቤት ያለው ቤቱ ይውላል። እኔ ቤት ከሌለኝ መስታወቱ ጋ ካልቆምኩ የት ልቁም? ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ አፌን ካልከፈትኩ ምን ላድርግ? አልዘጋም! አበባዋን ክፈትልኝና አፌን እዘጋለሁ።»

በድሩ የደንበኛው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይሉ የለ? ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከቤት ወጥቶ ቤት ገባ። አበባዋ ካልተከፈተች ዓሣው አፉን አይዘጋም፤ ዓሣው አፉን ካልዘጋ አበባዋ አትከፈትም። ጨረቃዋ ደግሞ መሙላት ጀምራለች። በድሩ በትልቁ መስታወት ውስጥ የራሱን ፊት አይቶ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ጋሽ ተካልኝ አዘነለት። ከወረቀቱ ትልቋን ሳምቡሳ መርጦ አፉ ድረስ አደረሰለት። «እንካ ልጄ፣ ፊትህ ወይቧል። ብላ በሞቴ!»

«ሐሙስ ነው እኮ ጋሼ፤ ሰኞና ሐሙስ ጾመኛ ነኝ።»

ይኼኔ እጁን ማየት ነበር! እሳት የነካው ይመስል ተሰበሰበ። ሳምቡሳዋ ኪስ ገባች፣ ወረቀቱ ጀርባው ሄደ። «ውይ! አፉ በለኝ! አውቄ መሰለህ? ጾመኛ ፊት ሳምቡሳ!» እያለ ከንፈሩን ሳይቀር በመሐረብ ጠረገ።

በድሩ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ጋሼ።»

«ወይ።»

«እጅህ ተሰበሰበ።»

«ታዲያ ጾመኛን በግድ ላጉርስ? ምን ዓይነት ሰው አደረግኸኝ?»

በድሩ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ደንበኛ አንገት ላይ የሚያስረውን ነጭ ጨርቅ ከማንጠልጠያው አወረደ፣ አራገፈና የዓሣውን ቤት ፊት ለፊት ሸፈነው፤ ለአበባዋ ብርሃን እንዲገባ ላዩን ብቻ ክፍት ተወው። ጨርቁን ከኋላ እንደ ሰው አንገት ቋጠረውና ጮኸ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ብርቱኬ ጾመኛ ነው!»

ጋሽ ተካልኝ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ዓሣ? እኛ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን ስንጨቃጨቅ ዓሣው ራሱ ጾም ያዘ? የማን ጾም ነው? የናንተ ነው የኛ?»

«የዓሣ ነው። ማታ ሱቅ ሲዘጋ በአንዲት ቁንጣሪ ያፈጥራል። የማስፈጥረውም እኔው ነኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰበ። አሰበና የምግብ ጣሳውን አንስቶ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሽቶው ጀርባ አስቀመጠው። «ጾመኛ ላይ በሞቴ አይባልም» አለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ የገባው ሁሉ እጁን ወደ ጣሳው ሲሰድ ጋሽ ተካልኝ ከጋዜጣው ጀርባ «ጾመኛ ነው!» ይላል። እጅ ሁሉ እርፍ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አላወቅኩም፣ ይቅርታ» ይላል፤ አንዱማ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ይቅርታውን የጠየቀው ዓሣውን ነው። ኦቾሎኒ የያዘው ደግሞ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቆረጥም ጀመር። ተመልከቱልኝ እንግዲህ፤ በእንግዳ አክባሪነት የተበላሸው ቤት በጨዋነት ተቃና።

የከበደው ለበድሩ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እጁ ሳያስበው ወደ መደርደሪያው ይንጠራራል። ከጨርቁ ጀርባ ብርቱኬ አፉን ሲከፍት ይታየዋል። «ብ...» ይልና ምላሱን ይነክሳል። አንድ ቀን ጣሳውን እንደጨበጠ ቆመና ገባው። የራበው ዓሣው አይደለም። እሱ ራሱ ነው። ኑሪያ ናፍቃዋለች፤ የሚያጎርሳትን አጥቶ ናፍቆቱን ሁሉ ውሃ ውስጥ ሲደፋ ኖሯል። ጣሳውን መልሶ አስቀመጠና ስልኩን አነሳ።

«ኑሪያ፣ ዋሽቼሻለሁ። አበባሽ ተዘግታለች። በጉርሻ ነው ያበላሸኋት።»

«በምን?»

«በጉርሻ። አንቺ የለሽ፣ ዓሣውን አጎረስኩ።»

ኑሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። «በድሩ፣ ከሞተች አልስቅልህም» አለች። ልክ ናት። እሱም ስልኩን ዘጋ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ትንፋሼ እንዳይቋረጥ። እጁ ተሰበሰበ። እጁ ቢሰበሰብ ሽሪምፑ ተራበ፤ ቢራብ ተነሳ፤ ቢነሳ ወለሉን ጥግ ለጥግ ጠረገ። ሽሪምፑ ቢጠርግ አረፋው ፈላ፤ በድሩ ኩባያዋን ጠዋት ጠዋት እየደፋለት አረፋው ሲፈላ ዋለ። አረፋው ቢፈላ ውሃው ቀጠነ፤ ከመቅጠኑ የተነሣ ማዶ ለማዶ አሳየ። ውሃው ቢቀጥን ጢሙ የሚበላው አጣ፤ ያ ሁሉ ኩራት ገርጥቶ ተልፈሰፈሰ። «አሁን ይሆናል» አለች እመት ቀንድ አውጣ፣ ከሥሩ ጀምራ ጋጠችው። ቢጋጥ ጢሙ ለቀቀ። ጢሙ ቢለቅ...

ጢሙ ቢለቅማ አበባዋ ትከፈት ነበር። አልተከፈተችም። በድሩ ጠዋት ጨርቁን ገለጥ፣ ማታ ጨርቁን ገለጥ ያደርጋል፤ ቡጢዋን እንደጨበጠች ናት። ጨረቃዋ ሞላች። በድሩ ያን ሌሊት አልጋው ላይ ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ጨርቁን የመግለጥ ወኔ አጣ። «ብትሞትም አላየሁም እላለሁ» ብሎ ምላጩን መሳል ጀመረ።

ቀትር ሊሆን ሲል ኑሪያ ገባች። አቧራ የለበሰች፣ በአንድ እጇ ጀሪካን ሙሉ የባሕር ውሃ፣ በሌላው የተቋጠረ ምሳ። ግማሽ ፊቱ የተላጨው ደንበኛ እንኳ ሳሙናው ፊቱ ላይ እየደረቀ አንገቱን አዞረ።

«ግለጠው» አለች።

በድሩ ቋጠሮውን ፈታ። ጨርቁን ሳበ።

ውሃው ጥርት ብሏል። ድንጋዩ ጢሙን ተላጭቶ ፊቱ በርቷል። ድንጋዩ ላይ አበባዋ! ጣቶቿን ሁሉ ዘርግታ፣ አምሮባት፣ ተከፍታ ትውለበለባለች። «እስኪ እንደሷ ያለች ሴት ያለ ባለቤቷ ትከፈታለች?» አለ ጋሽ ተካልኝ፣ ዓይኑን በጋዜጣው እየጠረገ። በአበባዋ መሃል የብርቱኬ ጅራት ብቻ ብቅ ብላ ትታያለች። ቤቱ ነው። አፉን ዘግቷል።

ኑሪያ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ አየቻት። በድሩ «በቃ፣ ደርሼ መጣሁ» እስክትል ጠበቀ። አላለችም። ዓይኗን ከአበባዋ ነቅላ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ! ምነው እንዲህ ከሳህ?»

«ብቻዬን መብላት አልሆነልኝም» አለ። አላፈረም።

ኑሪያ ቋጠሮዋን ፈታች። ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ነው፣ ከእናቷ ቤት። ወዲያው ደንግጣ «ጨርቁን መልሰው፣ ጨርቁን መልሰው! ዘመዱን ስንበላ እንዳያይ!» አለች። በድሩ ሸፈነው። ሐሙስም አልነበረም፣ ሰኞም አልነበረም። እጇን ታጥባ ጠቅልላ አፉ ድረስ አመጣችለት።

«ብላ በሞቴ። ይኼ ያጣላል።»

በላ።

«ይኼ ያፋቅራል።»

በላ።

«ይኼ ደግሞ ለጠፋሁበት።»

ሦስተኛው በጣም ትልቅ ነበር፤ ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ሳቀም። «ብላ በሞቴ» የሚገባው አፍ አገኘ። ጋሽ ተካልኝ ጋዜጣውን ጣለና «እኔስ ባዳ ነኝ?» ብሎ አፉን ከፈተ። ለሱም ደረሰው።

እንግዲህ እጁ ተሰበሰበ፤ ሽሪምፑ ጠረገ፤ አረፋው ፈላ፤ ውሃው ቀጠነ፤ ቀንድ አውጣዋ ጋጠች፤ ጢሙ ለቀቀ፤ አበባዋ ተከፈተች፤ ብርቱኬ ቤቱ ገባ፤ ኑሪያም ቤቷ ገባች።

ተረቴን መልሱ፤ ዓሣውን አንዴ፣ እኔን ግን ሦስቴ አጉርሱ!